በግራዋ አጥር የተሸጠው ወንድሜ

ግራዋ የነካ እጅ ሽታው ቶሎ አይለቀውም። በሳሙና ታጥበውትም መራራው ሽታ ጣት መሃል ይቀራል።

ባለፈው ነሐሴ መቱ ሄጄ የድሮው ግቢያችን አጥር ጋ ቆሜ አንድ ቅጠል ቀነጠስኩ። ግማሹ አጥር ቆርቆሮ ሆኗል። ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ግራዋው የቀረው በጎረቤታችን በእትዬ ዘይነባ በኩል ብቻ ነው። ቅጠሉን በመዳፌ አሽቼ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ አንድ ክረምት እንዳለ መጣብኝ፤ እንቅልፍ ያጣሁበት፣ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብዬ የትልልቅ ሰዎች ወሬ ስሰማ የከረምኩበት።

ሦስተኛ ክፍል ልገባ ነበር። ትምህርት ቤት በኦሮምኛ እማራለሁ፤ ቤት በአማርኛ እጸልያለሁ፤ አጥሩ ሥር በሁለቱም እሰማለሁ። አባቴ ኡካ በምትባል የገጠር ከተማ የግብርና ሠራተኛ ነበር። ክረምት ሥራው የሚበዛበት፣ መንገዱም የሚበላሽበት ጊዜ ስለሆነ ቤት የምንውለው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ ሁለት ወልዳ ሁለቱም ክርስትና ሳይነሡ ሞተዋል። ቤታችን ውስጥ ስለ እነሱ አይወራም ነበር። ያን ክረምት ነርሷ «ከአልጋሽ እንዳትወርጂ» ብላ ስላስጠነቀቀቻት አልጋዋ በአጥሩ በኩል ወዳለው መስኮት ተጠጋ።

ያስጠጉት ጎረቤቶቻችን እትዬ ዘይነባና ባለቤታቸው ጋሼ አወል ናቸው። ጋሼ አወል ገበያው አጠገብ ሱቅ ነበራቸው። እትዬ ዘይነባ ደንደን ያሉ፣ እጃቸው ሥራ ካልያዘ ወሬ የማይጥማቸው ሴት ነበሩ። በእኛና በእነሱ መካከል ባለው ግራዋ ውስጥ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ሽንቁር አለ። ማን እንደከፈተው አይታወቅም። ወንፊት በዚያ ያልፋል፤ እሳት በዚያ ያልፋል፤ ጨው፣ መርፌ፣ የታመመ ሰው ወሬ በዚያ ያልፋል። በበር የሚመጣ እንግዳ ነው። ጎረቤት በሽንቁሩ ነው የሚመጣው።

እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ እትዬ ዘይነባ ሥራቸውን ሁሉ ወደ አጥሩ አዛወሩት። በጣራቸው ጠርዝ ሥር በርጩማ አስቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፣ ጎመን ይቀነጥሳሉ፣ ከዝናቡ በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መስኮታችንን ያናግራሉ።

«አስቱ፣ ነቅተሻል?»

«ማን አስተኝቶኝ፣ አንቺ እያለሽ።»

«ደግ አደረግኩ። ቀን የተኛ ሰው ሌሊት ምን ሊሠራ ነው? ስሚማ፣ ዛሬ አወል በአንድ እግር ጫማ ሱቅ ገባ።»

«ሌላውስ?»

«ጭቃው ዋጠው። በእንጨት ሲቆፍር ያየው ሰው ወርቅ የተገኘ መስሎት አብሮት ይቆፍር ጀመር።»

እናቴ ስትስቅ አልጋው ሲጥ ሲጥ ይላል። እትዬ ዘይነባ ያን ድምፅ ከሰሙ በኋላ ነበር አንገታቸውን ወደ ምስሩ የሚመልሱት።

የእኔ ሥራ እሳት መጫር ነበር። እንጨታችን በእርጥበት እየታፈነ እሳቱ አያድርልንም። የእነሱ ግን ያድራል። ጠዋት ጠዋት ገል ይዤ በሽንቁሩ እሄዳለሁ፤ እትዬ ዘይነባ ፍም አውጥተው በአመድ ይሸፍኑልኛል፤ እኔ በነጠላዬ ጫፍ ከዝናብ እየከለልኩ ይዤ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን እሳቱን ይዤ ስመለስ አዴ ዲንቄ እኛ ቤት መጥተው ነበር። አዴ ዲንቄ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ያዋለዱ ባልቴት ናቸው፤ የእናቴን እግር በቅቤ ሊያሹ ይመጡ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ሲናገሩ ሰማኋቸው።

«አስቴር፣ ሞት የዚህን ቤት መንገድ ለምዷል። ማሳሳት ነው። የሚወለደውን ልጅ ሽጪው።»

እናቴ «ለማን?» አለች።

«ልጆቿ ለቆዩላት ሴት ነዋ። ለዘይነባ።»

እትዬ ዘይነባ ከአጥሩ ማዶ፣ ስለ ጎመን እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «እኔ እገዛዋለሁ። ጨው እንደሆነ ቤቴ ሞልቷል» አሉ።

ገሉ እጄን ሲያቃጥለኝ ነው እንደቆምኩ ያወቅኩት።

ዛሬ ልማዱን አውቀዋለሁ። ልጅ የማይቆይላት እናት የወለደችውን ለጎረቤቷ በእፍኝ ጨው ትሸጣለች። ገዢዋ ስም ታወጣለታለች። እናቱ የሰው ልጅ እንደምታሳድግ ሆና ታጠባዋለች፤ ልጁ በእግሩ ሲሄድ መልሳ ትዋጀዋለች። የንስሐ አባታችንም ሰምተው «ጸሎቷን እስካላቋረጠች ድረስ ጨው ምን ያደርጋል» ብለው ነበር አሉ። ያኔ ግን እኔ የማውቀው መሸጥን ብቻ ነበር። ለፋሲካ በግ ሸጠን ነበር። አልተመለሰችም።

ሙኒራን ልጠይቃት ሄድኩ። ሙኒራ የእትዬ ዘይነባ ልጅ፣ የእኔ እኩያ ናት። እሷ የማታውቀው ነገር የለም፤ የማታውቀውንም ታውቀዋለች።

«ወንድምሽ የእኛ ሊሆን ነው» አለችኝ፣ ገና አፌን ሳልከፍት።

«እህት ብትሆንስ?»

«እሷም የእኛ ናት።»

«እናንተ ብዙ ናችሁ።»

«ብዙ ብንሆን ምን አለበት? አንድ ቢጨመርብን አይታወቅም።»

«የት ነው የሚተኛው?»

«ከእኔ ጋ። ዒድ ሲደርስ መጥተሽ ታይዋለሽ።»

ዒድ ሲደርስ። ይህ ቃል ቀኑን ሙሉ ተከተለኝ። ውሃ ስቀዳ አብሮኝ ነበር። ስጸልይም አብሮኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ጨው ላይ ሆነ። በሽንቁሩ ጨው ያለፈው ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም፤ ሲያልቅብን እነሱ ይሰጡናል፣ ሲያልቅባቸው እኛ። አሁን ግን እትዬ ዘይነባ በወረቀት ጠቅልለው በሰጡኝ ቁጥር ወንድሜ ጥቂት በጥቂት እየተሸጠ መሰለኝ። ወረቀቱን ይዤ እገባና ጨውን አልጋ ሥር በቆርቆሮ እደብቀዋለሁ። ወጡ አልጫ፣ አልጫውም ውሃ ሆነ። አባቴ ቅዳሜ ጭቃውን ተሻግሮ መጥቶ ሲጎርስ እናቴን አያት።

«ነርሷ ጨው ከለከለችሽ እንዴ?»

«እኔን? አልከለከለችኝም። ልጅህ ናት የምትሠራው፤ እጇ ገና ነው» አለች እናቴ።

አባቴ የቀረበለትን በላ። እሁድ ማለዳ ወደ ኡካ ተመለሰ። ያን ዕለት ቆርቆሮውን አውጥቼ እትዬ ዘይነባ ፊት አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው?»

«ጨዋችሁ ነው። አንፈልግም።»

ቆርቆሮውን ከፍተው አዩት። እኔንም አዩኝ። ሊስቁ የፈለጉ መሰለኝ፤ ግን አልሳቁም።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«እሺ። እግዜር ይስጥሽ፣ የእኔም አልቆብኝ ነበር።»

በማግስቱ እሳት ልጭር ስሄድ ከበፊቱ የበለጠ ጨው ሰጡኝ። ገዢዋ ችኩል ሆናለች ብዬ ፈራሁ።

ፍልሰታ ገባ። ልጆች ሁሉ እንጾም ነበር፤ እኔ ግን ምክንያት ነበረኝ። ጠዋት በዝናብ ቤተ ክርስቲያን እሄድና ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ እመቤቴ ሆይ፣ አታስሽጪብን። ስመለስ መቀመጥ አልችልም። ቤቱን እጠርጋለሁ፤ ያልቆሸሸ ዕቃ አጥባለሁ፤ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ፤ አጥሩ ጋ እሄዳለሁ። አዴ ዲንቄ አይተውኝ «ትዕግሥት ብሎ ስም ያወጣልሽ ሰው አልተጣደፈም?» አሉኝ።

አንድ ከሰዓት እናቴ የአልጋውን ጠርዝ መታ መታ አደረገችልኝ። ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።

«ምን ሆነሻል?»

«እማዬ፣ ልጁን ትሸጪዋለሽ?»

እናቴ የማትፈጽመውን ቃል አትናገርም ነበር። ዋሽታ ብታባብለኝ ደስ ባለኝ።

«እሸጠዋለሁ።»

«ለምን?»

«እንዲቆይ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። እኔ ግን የተሸጠ ነገር እንዴት ሊቆይ እንደሚችል ሳስብ መሸ።

መፍትሔው ሌሊቱን ሳይሆን ንጋት ላይ መጣልኝ፤ ገሉን ይዤ በሽንቁሩ ሳልፍ። ወደ ሙኒራ ቤት መንገዱ ያው ነው። ልጁ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ። ፌስታል ፈልጌ የእሁድ ቀሚሴን፣ ማበጠሪያዬን፣ ሹራቤን ከተትኩ። እነ እትዬ ዘይነባ ማተብ ስለማያስሩ እንዳያጣ ብዬ ከእናቴ የስፌት ሣጥን ጥቁር ክር ወስጄ ገምጄ ጨመርኩለት። ፌስታሉን አልጋው ሥር፣ የጨው ቆርቆሮው በነበረበት ቦታ አስቀመጥኩ።

ጳጉሜ ሩፋኤል ዕለት የሰፈሩ ልጆች በዝናብ ለመጠመቅ ልብሳቸውን አውልቀው መንገዱ ላይ ይጯጯሃሉ። ልወጣ ስል እናቴ ጠራችኝ። ድምፅዋ የእሷ አልነበረም።

«ዘይኑን ጥሪያት።»

በሽንቁሩ ያለፍኩት እየሮጥኩ ነው። እትዬ ዘይነባ ፊቴን አይተው የያዙትን ጣሉት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ፈጠነ። ሙኒራ ወደ ሱቅ ተላከች። ጋሼ አወል ሱቃቸውን ክፍት ትተው የዕቃ መሸፈኛ ላስቲካቸውን ይዘው መጡ። የሰፈሩ ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው በበሩ ገቡ።

ቃሬዛ አውቅ ነበር። የእድራችን ነው። እሱ ላይ ተኝቶ የተመለሰ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። እናቴን ከአልጋ አንሥተው ሲያስተኟት፣ ላስቲኩን ሲያለብሷት፣ የበሩን ምሰሶ ይዤ አለቅም አልኩ።

«ልቀቂ እንጂ ልጄ፣ ይለፉበት» አሉኝ ጋሼ አወል።

«ሞታለች?»

«ሐኪም ቤት ነው የምንወስዳት። ጭቃ ነው፣ መኪና እዚህ አይገባም። ልቀቂ።»

ከላስቲኩ ሥር የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ትዕግሥት፣ እሳቱ እንዳይጠፋ።»

ለቀቅኩ። እየተቀያየሩ ተሸክመው በዝናቡ ወረዱ። እትዬ ዘይነባ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከጎን ከጎኗ ይሄዳሉ፤ ያወራሉ። ምን እንደሚሉ አልሰማሁም። እጥፋቱ ጋ እስኪሰወሩ ድረስ ማውራት አላቆሙም።

እኔ እሳቱን ያዝኩ። አዴ ዲንቄ እኔ ጋ ቀሩ። እንጨቱን አደርቅበታለሁ፤ እጨምራለሁ፤ ተነሥቼ መንገዱን አያለሁ፤ እመለሳለሁ። አዴ ዲንቄ መቀመጥ እንደማልችል ሲያውቁ የሚፈተል ጥጥ ሰጡኝ። አበላሸሁት። ሌላ ሰጡኝ። እሱንም አበላሸሁት። «ራኮ ሂንቀቡ» አሉ፤ ችግር የለም፣ ጥጥ ሞልቷል።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሰው ሳናይ ለቅሶ ሰማን። የትልቅ ሰው ለቅሶ አልነበረም። ቀጭን፣ የተቆጣ፣ ገና ዓለሙን ያልወደደ ድምፅ ነበር። አዴ ዲንቄ እልል አሉ። ከታች ከሰፈሩ ሌላ እልልታ መለሰ።

ወንድ ነበር።

እናቴን ወደ ቤት ከማስገባታቸው በፊት አዴ ዲንቄ አጥሩ ጋ አቆሟት። እኛ በኩል እናቴ፣ በጋሼ አወል ካፖርት ተጠቅልላ። እዚያ ማዶ እትዬ ዘይነባ፣ እፍኛቸውን ጨብጠው። ዝናቡ አባርቶ ግራዋው ይንጠባጠባል።

«የሚሸጥ ልጅ አለ» አሉ አዴ ዲንቄ።

«ዋጋው?» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«እፍኝ ጨው።»

«ይህችን ለምታህል? አፉ ብቻ ነው ትልቅ።»

ሁሉም ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። እጇን ዘርግታ ጨውን ስትቀበል በጣቶቿ መሃል ግማሹ መሬት ፈሰሰ። ከዚያ ወንድሜን በሽንቁሩ አሳልፋ ሰጠች። ቅጠሎቹ ተከፈቱ፤ መልሰውም ገጠሙ። ከእናቴ ዓይን እንባ ሲወርድ አየሁ፤ አላበሰችውም።

ወደ ቤት ሮጬ ፌስታሌን አወጣሁ። በእናቴ አጠገብ ጎንበስ ብዬ አለፍኩ።

እትዬ ዘይነባ ልጁን ታቅፈው ፌስታሉን አዩት።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነሽ?»

«አብሬው ልኖር ነው።»

አዴ ዲንቄ ከወዲያ ሳቃቸውን ለቀቁት። ሙኒራ «አልጋ የለም» አለች። እትዬ ዘይነባ ግን ወደ አጥሩ ዞሩ።

«አስቱ፣ ይቺን ገዝቻታለሁ እንዴ?»

የእናቴ ድምፅ በቅጠሉ መሃል መጣ። «አልሸጥኩልሽም።»

«እንግዲያው በራሷ ነው የመጣችው። በራሱ የመጣ ሰው አይመለስም። ኮቱ፣ ነይ ግቢ።»

በርጩማቸው ላይ አስቀመጡኝና ወንድሜን ጭኔ ላይ አደረጉልኝ። ይሞቃል። ግንባሩ እንደ ሽማግሌ ተኮማትሯል። ክሩን ከፌስታሉ አውጥቼ አሳየኋቸው።

«እሱ የቄሱ ሥራ ነው። እስከዚያ አንቺ ያዥለት» አሉ። ቀጥለው ጎንበስ ብለው ልጁን አዩትና «አማን ብዬዋለሁ» አሉ። በእኛም ቤት በእነሱም ቤት የሚጠራ ስም ነበር።

አማን ማልቀስ ጀመረ። እትዬ ዘይነባ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ይኸው፣ ገዝቼ ምን ላበላው ነው? እኔ ጡቴ ከደረቀ ቆየ። አንቺ፣ ተነሺ። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴትዮ አለች፣ ደግ ሴት ናት ይላሉ። ዘይነባ ልጄን አጥቢልኝ ብላለች በያት። አደራ በያት።»

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ወንድሜን ታቅፌ፣ የእትዬ ዘይነባ እጅ ከክንዴ ሥር ሆኖ፣ በሽንቁሩ ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። የግራዋ ቅጠል ፊቴን መታኝ። እናቴ እዚያው ቆማ ነበር።

«የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

መልሱን ማንም አላስተማረኝም።

«የእትዬ ዘይነባ። አጥቢልኝ ብለዋል። አደራ ብለዋል።»

«አጠባላታለሁ» አለች እናቴና ተቀበለችኝ። ያን ሌሊት ሳልነቃ አደርኩ። እሳቱንም ማን እንዳዳፈነው አላውቅም።

በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ እትዬ ዘይነባ ጃንጥላ ይዘው ከቅጥሩ በር ውጭ ቆመው ጠበቁን። ያ የገመድኩት ክር አንገቱ ላይ ታሰረ። በእግሩ ሲሄድ እናቴ ልትዋጀው ይገባ ነበር። ዛሬ ነገ አለች። ያስቸገረው ሁሉ በእትዬ ዘይነባ ስም ተከሰሰ፤ «ያ ልጅሽ ማድጋ ሰበረ» ትላለች በመስኮቱ። «እንዳሳደግሽው ነው» ይላሉ ከማዶ። አልዋጀችውም። ወንድሜ ጢም አብቅሎ ልጅ ወልዶ እስከ ዛሬ እንደተሸጠ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።

ቅጠሉን ይዤ የቆምኩበት ቦታ ዝናቡ በረታ። ቆርቆሮው በሚያልቅበት፣ ግራዋው በሚጀምርበት በኩል ሽንቁሩ አለ። ጠብቧል፤ ወይም እኔ ሰፍቻለሁ። ነጠላዬን ሰብስቤ ጎንበስ አልኩ።

እትዬ ዘይነባ በጣራው ጠርዝ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። ምስር በእጃቸው እየዳሰሱ ይለቅማሉ። ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ቀና አሉ።

«ማነው በአጥር የሚገባው?»

«እኔ ነኝ።»

«የቱ ነው? የገዛሁት ነው፣ በራሷ የመጣችው?»

«በራሷ የመጣችው ነኝ።»

ከጎናቸው ያለውን በርጩማ በእጃቸው ፈልገው አቀረቡልኝ።

«ኮቱ» አሉ። «ግቢ፣ ዝናብ ነው።»